በጎኔ አታውጡኝ

አልፈርምም ያልኩት በአንድ ሬሳ ሳጥን ምክንያት ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ቤታችን ፉሪ ነው። ከኮብልስቶኑ መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ጫፉ ዝግ የሆነ ቅያስ ውስጥ አሥራ ስምንት ቤት ነን። አሥራ ሰባታችን ከየአገሩ የመጣን ነን። መጨረሻው ላይ ያለው ግቢ ግን የነባር ገበሬዎች ነው፤ እኛ ቤት የሠራንበት ሁሉ ድሮ የእነሱ የጤፍ ማሳ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የዚያ ቤት አባወራ አረፉ። እድርተኛው ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ የእኛን ማድ ቤት ጀርባ እንደደረሰ ቆመ። ቅያሱ እዚያ ጋ ይታጠፋል። በአንድ በኩል የእኛ ግንብ ነው። በሌላ በኩል ፊት ለፊታችን ፎቅ የሚሠራው ሰው አዲስ አጥርና የዘበኛ ቤት አለ። በመሃል ሳጥን የያዘ ሰው ጎን ለጎን ሆኖ አያልፍም።

"ወደ ላይ አንሡት!"

"አይሆንም፣ የመብራት ሽቦ አለ!"

"እንግዲያው አዙሩት!"

አዞሩት። ሳጥኑን በጎኑ አድርገው ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ከውስጥ አንድ ነገር ተንሸራትቶ ጣውላውን ሲመታ ሰማን። ሁላችንም ሰማን። ከዚያ ምንም እንዳልሰማን ሆነን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከአርባው በኋላ ባለቤታቸውን ልጠይቅ ገባሁ። እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ልባቸው ደካማ ነው፤ እግራቸውም ያብጣል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ አንቺ መሬት የምትለኪ አይደለሽም?"

"ነኝ እማማ።"

"እኔን በጎኔ አታውጡኝ።"

ሌላ አላሉም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቀያሽ ነኝ። አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ሜትር ጎታች ነበር። ጎፋ ስናድግ ጓሯችንን በእርምጃ ያስለካኝ ነበር፤ እኔ በእርምጃ፣ እሱ በሜትር፣ ከዚያ እናስተያያለን። አድጌ የእርምጃዬ ልክ ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆነ። እስከ ዛሬም እሱ ነው። ሙያውን ተምሬ ስጨርስ "ሴት ልጅ በረሃ ለበረሃ ምን ትሠራለች?" ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ። ሦስት ልጅ ወለድኩ። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሕፃን አዝሎ እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ በአውቶብስ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ዳዴ ማለት የጀመረው በመሣሪያዬ ጃንጥላ ጥላ ሥር ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ልጅ አልታመመብኝም፤ ሁሉም ለወግ ለማዕረግ በቁ።

በስመ አብ ሳልል መሣሪያ ተክዬ አላውቅም። ቅዳሜዬን ለሰፈር ሰጥቻለሁ። ውርስ ለሚካፈሉ ወንድማማቾች እለካለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ለክቻለሁ፣ ጀሞ ለአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ግን በሥራ ልብሴ ወደማያውቁኝ ሰፈር ስገባ ሴቶች በር ላይ ወጥተው ያማትባሉ። "የማንን ልታፈርሺ ነው?" ይሉኛል። ቀይ ቀለም ይዤ እንደሆነ እጄን ያያሉ።

ከመሣሪያው ሌላ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ወሰን ሲለካ ተዋሳኝ ጎረቤቶች ማዕዘኑ ላይ ይቆማሉ። "ወሰናችሁ እዚህ ጋ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። "ነው" ይላሉ፣ እመዘግባለሁ። ነገር ግን የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። አብሮት እድር የገባ፣ ልጁን ክርስትና ያነሣለት ጎረቤቱ ሁለት እርምጃ ገፍቶበት እያየ "ነው" ይላል። ስለዚህ አፉን አላይም፤ እግሩን ነው የማየው። እውነት ሲሆን ሰው እዚያው እንደቆመ "ነው" ይላል። እውነት ካልሆነ "ነው" እያለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ራሱም አያውቀውም። ይህን ካየሁ መሣሪያውን እንደገና አስተካክላለሁ፤ ብዙ ጊዜ አልተሳሳትኩም።

እማማ በጎኔ አታውጡኝ ካሉኝ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቅያሱን ለመለካት ቆረጥኩ። የእድሩን ሰብሳቢ አስፈቀድኩ። በጡረታ ያሉ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰው ሰበሰቡልኝ። ፊት ለፊታችን ያለው ባለ ፎቁም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። የመሣሪያውን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት ያቆመልኝ ባለቤቴ ነበር።

ካርታው ላይ ቅያሱ አራት ሜትር ነው። ኮብልስቶኑ ዳር ከቀረው አሮጌ የድንጋይ ምልክት ተነሥቼ ወደ ውስጥ ለካሁ። ባለ ፎቁ አጥር ጋ ስደርስ ጠየቅኩ።

"የእሳቸው ወሰን እዚህ ጋ ነው?"

"አይደለም!" አለ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ። ይሉኝታ ለእሱ አልተረፈም፤ እድራችን ውስጥ የለም። አንድ ሜትር ከስድሳ ወደ መንገዱ ገብቷል።

"እትዬ፣ ይኼ የዘበኛ ቤት እኮ ጊዜያዊ ነው" አለኝ ስልኩን ሳያወርድ። "ፌሮ እየሰረቁኝ ነው የሠራሁት።"

"ቆርቆሮው ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል። መሠረቱ ግን ኮንክሪት ነው" አልኩት። ሰው ሳቀ።

ዞር አልኩና ወደ እኛ በኩል ሄድኩ። ባለቤቴ መስታወቱን ይዞ የማድ ቤታችን ማዕዘን ላይ ቆሟል። ለወጉ ያህል ነበር የጠየቅኩት።

"የኛስ እዚህ ጋ ነው?"

"ነው" አሉ።

እግራቸውን አየሁ። ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አጠገባቸው ያለችው ልብስ ሰፊ ወደ ኋላ አለች። ከኋላቸው ያሉትም። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ከግንቤ አንድ እርምጃ ራቀ። ከባለቤቴ በቀር ከቦታው ያልተነቃነቀ ሰው አልነበረም። እሱ ከልቡ ነው።

መሣሪያውን አስተካክዬ ለካሁ። ሰረዝኩና እንደገና ለካሁ። ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር። ማድ ቤቴ መንገድ ላይ ነበር።

"ችካሉን ተከትዬ ነው የሠራሁት" አለ ባለቤቴ።

"የትኛውን ችካል?"

የጠየቅኩት ቀስ ብዬ ነው፤ ሰው ግን ሰማ። ግንቡን ሲሠራ እኔ ደቡብ፣ መንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። አራት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብሎኬት እየደረደረ ጨርሶ ጠበቀኝ። ስመጣ አቅፌው አለቀስኩ፤ ግንቡን ግን አልለካሁም። የሰው ሁሉ ግቢ ለክቼ የራሴን አንድ ቀን አልለካሁም። የሠራው እሱ ነዋ።

ለካ ችካሉ ተነቅሎ ነበር። ግንበኛው ክሩን ያሰረው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ባለቤቴ ለማረጋገጥ የእማማን ባል ጠርቶ "አባባ፣ እዚህ ጋ ነው አይደል?" ብሏቸዋል። "ነው" ብለውታል።

ይህን ያጫወቱኝ እማማ ናቸው። "ሽማግሌዬ ያን ቀን ተመልሶ ሲገባ 'ባልየው ወደ መንገዱ ገብቷል' አለኝ። 'ታዲያ አትነግረውም?' አልኩት። 'የቀያሽ ቤት ነው፤ እሷ ታውቃለች' አለኝ።"

እኔ እሱ ያውቃል አልኩ። እሱ እሳቸው ያውቃሉ አለ። እሳቸው እኔ አውቃለሁ አሉ። ሳጥናቸው በጎኑ የዞረው እዚያ ግንብ ጋ ነው።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ባለ ፎቁ ስልኩን አውርዶ ነበር።

"በሉ እንግዲህ ኢንጂነር፣ ቀይ ቀለምዎ የታለ? ከራስዎ ይጀምሩ!"

ሊያሳፍረኝ ነው። አፈርኩም። ነገር ግን ቀለሙን ከቦርሳዬ አውጥቼ ማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ምልክት አደረግኩ። በሰው ግድግዳ ላይ ከምቀባው የበለጠ አወፈርኩት። ከዚያ ተሻግሬ የእሱንም ቀባሁ።

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ እንደተመለስኩ፣ ጋሼ ወረቀት ይዘው መጡ። ቃለ ጉባኤ ነው። ቅያሱ ከመነሻውም አንድ ሜትር ከሃምሳ ስፋት ያለው የእግረኛ መተላለፊያ እንደነበረ እኛ ነዋሪዎች እናረጋግጣለን ይላል። ከሥሩ "የባለሙያ ፊርማ" የሚል መስመር አለ። ማን እንዳስጻፈው አልጠየቅኩም።

"እህቴ፣ ለሰላም ብለን ነው" አሉ። "የሱም አይነካ፣ ያንቺም ማድ ቤት ይተርፋል። ሁሉም ሊፈርም ተስማምቷል። ያንቺ ብቻ ነው የቀረው።"

"አልፈርምም።"

"እስቲ አንብቢው መጀመሪያ።"

"አንብቤዋለሁ። ጋሼ፣ የእማማን ባል ስትሸከሙ እርስዎ በየት በኩል ነበሩ?"

"ከፊት፣ በቀኝ።"

"ሲንሸራተቱ ሰምተዋል?"

ወረቀቱን አዩት። ለአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ሻይ የለሽም?" አሉኝ። ጠጥተው ሄዱ። ያ ወረቀት ከዚያ በኋላ አልታየም።

በሳምንቱ ትልቁ ልጄ ከጀሞ መጣ። "እማዬ፣ ሰው ምን ይላል? ቀያሿ የመንገድ መሬት ወስዳ ኖራ ይባላል።"

"ይባል። እውነት ነው።"

"ሽማግሌ ይነጋገርበታ። ምን ያስቸኩልሻል?"

"እማማ ያስቸኩሉኛል።"

ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረኝም። አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ግንቡን ያይ ነበር። እያንዳንዱን ብሎኬት የት እንደገዛው፣ የትኛውን በዝናብ እንደደረደረ ያውቃል። እኔም አልለመንኩትም። ወደ ሥዕለ አድኅኖዋ ዞሬ ጸለይኩ። እንዲሳካልኝ አልነበረም የጸለይኩት፤ እሱ እንዳይሰበር ነው።

በአራተኛው ቀን ድጅኖ ይዞ ወጣ።

"ሠራተኛ እንቀጥራለን እኮ" አልኩት።

"እኔ ነኝ ያሳሳትኩት፣ እኔው ላፍርሰው። አንቺ መስመሩን ብቻ አሳዪኝ።"

በኖራ መስመር አሰመርኩለት። የመጀመሪያውን ብሎኬት ነቅሎ ዳር አስቀመጠው። እስኪደክመው ድረስ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ ድጅኖውን ተቀበልኩት። ልብስ ሰፊዋ ሻይና ዳቦ ይዛ መጣች። ጋሼ ካፖርታቸውን አውልቀው ፍርስራሽ መሸከም ጀመሩ። እስከ እሑድ ድረስ ግንቡ ከመንገድ ወጣ። ማድ ቤቴ ግማሽ ሆነ። ለጊዜው በአንድ በኩል ግድግዳ አልነበረውም፤ በቆርቆሮ ከልለን ተቀመጥን።

እዚህ ጋ ሰው የሚበቃኝ መስሎት ነበር። ቅያሱ ሁለት ሜትር ከአርባ ሆኗል። ሳጥን ቀጥ ብሎ ያልፋል።

"ሰፋላችሁ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?" አለኝ ባለ ፎቁ።

"አራት ሜትር።"

"ለሬሳ ይበቃል እኮ!"

"እማማ አልሞቱም። አምቡላንስ ያስፈልጋቸዋል።"

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አምቡላንሱ ቅያሱ አፍ ላይ ቆሞ እሳቸውን በወንበር ተሸክመን በጭቃ አውጥተናቸው ነበር። ይህን ያውቃል፤ በመስኮት ሲያይ አይቼዋለሁ።

ተቆጣ። "አንቺ" ማለት ጀመረ። "ካንቺ የሚበልጥ ሰው አናግሬ እጨርሰዋለሁ" አለኝ። ያናግር አልኩት። አንድ ነገር ግን አለ። የይዞታ ማረጋገጫውን ለመጨረስ የተዋሳኝ ጎረቤቶች ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ፊት ለፊቱ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ቅጹን በሰው ላከ። መለስኩት። በሌላ ሰው ላከ። መለስኩት። አንድ ቀን ራሱ ይዞ መጣ።

"ፊርማ እኮ ናት! ቀለም አትጨርስብሽ!"

"ወሰንህ ላይ ስትቆም እፈርማለሁ።"

ስምንት ወር እንደዚህ ቆየን። በየጠዋቱ ከቆርቆሮ ከለላዬ ሆኜ ቁርስ ስሠራ በሩ ፊት ለፊቴ ነው። ሲወጣ "እንደምን አደርክ" እለዋለሁ። አንድ ቀን አላስቀረሁበትም። እማማ ደግሞ ሰማይ ሲጠራ ወንበራቸውን አስወጥተው የዘበኛ ቤቱ ጥግ ጸሐይ ይሞቁ ጀመር።

"እናቴ፣ ለመኪና አይመችም፣ ፈቀቅ ይበሉ" ይላቸዋል።

"መንገድ ላይ ነኝ እኮ። ኢንተላ ኮ ለክታዋለች።"

ዘበኛው ራሱ ወንበራቸውን የሚያስተካክልላቸው ሆነ።

ባለ ፎቁ እንደ ሰው ክፉ አይደለም። የደከመው ይመስለኛል። ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ማክሰኞ ከሁለት ሠራተኛ ጋር ወጣና ከማድ ቤቴ በር ላይ ቆመ።

"ስንት ነበር ያልሽው?"

"አንድ ሜትር ከስድሳ።"

"አንድ ከሃምሳ አይሆንም?"

"አይሆንም።"

"አሥር ሳንቲ ሜትር እኮ ናት!"

"እኔ በሰማንያ አራቱ ማድ ቤቴን አፍርሻለሁ።"

ግድግዳዬን አየ። ማለቴ ግድግዳዬ የነበረበትን ቦታ። "በይ መስመርሽን አስምሪ" አለኝ። ኖራዬን ይዤ ወጣሁ። ከመስመሩ በፊት በስመ አብ አልኩ። እሱም አማተበ፤ ልማድ ይሁን ብስጭት አላውቅም። ሲጨርስ ቅጹን አምጥቶ ሰጠኝ። እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ፈረምኩለት።

ቅያሱ አራት ሜትር በሆነ በሦስተኛው ቀን እማማ አስጠሩኝ። ስገባ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበዋል። ጋሼም አሉ። እማማ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"አልጋዬን ተሸከሙት" አሉ።

"ምን?"

"ባዶውን። ቅያሱ አፍ ድረስ። ልይ።"

ማንም አልሳቀም። ስድስት ሰው አልጋቸውን ተሸከመ፤ ጋሼ ከፊት በቀኝ ነበሩ። እማማን በወንበራቸው ከኋላ ይዘናቸው ሄድን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ቀስ አለ። ጋሼ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቀጥሉ አልኳቸው። አልጋው ቀጥ ብሎ፣ ማንንም ሳይነካ፣ በሁለቱም በኩል ቦታ ተርፎት አለፈ። ዘበኛው ለአልጋው ቆቡን አወለቀ። ባለ ፎቁ ሰገነት ላይ ሆኖ ያያል።

ቅያሱ አፍ ላይ አስቀመጡት። እማማ አልጋውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ባላቸው የወጡበትን ቦታ ረጅም ጊዜ አዩ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ቀና አሉ።

"ደህና ነው። በሉ አሁን መልሱት፤ ገና እተኛበታለሁ።"

ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ አልጋውን እንደያዙ እያለቀሱ ሳቁ።

ባለፈው ወር ልባቸው አስቸግሯቸው አምቡላንስ ጠራን። እስከ በራቸው ገባ። በስድስተኛው ቀን በእግራቸው ተመልሰው መጡ።

የማድ ቤቴን ግድግዳ ባለቤቴ እንደገና ሠርቶታል፤ የዚህኛውን ችካል የተከልኩለት እኔ ነኝ። በጣም ጠባብ ሆኗል። ምድጃው ከበሩ ጋር ተጠጋግቶ፣ ድስት ይዤ ስገባ ዞር ማለት አለብኝ። ልጆቼ ሲመጡ ያዝኑልኛል።

አይዘኑ። በጎኔ የምገባው እኔ ነኝ፤ ሥራ ላይ ሆኜ፣ በሕይወት ሆኜ። ተመስገን።